የሆኪ የዓለም ዋንጫ፦ መሥራቿ አገር ሳትቀር በማጣሪያ የምትገባበት ውድድር

የወንዶች የሜዳ ሆኪ የዓለም ዋንጫን ከ1971 እስከ 2023 በተካሄዱት 15 ውድድሮች ከየትኛውም አገር በላይ ያነሳችው ፓኪስታን ናት፤ አራት ጊዜ አሸንፋለች። የውድድሩን ሐሳብ ያመነጨችውም ሆነ ዋንጫውን አሠርታ ያበረከተችው እርሷው ናት። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 በዘ ሄግ፣ በ2023 ደግሞ በሕንድ በተካሄዱት ውድድሮች የፓኪስታን ቡድን አልተሰለፈም። የከለከለው አካል አልነበረም፤ ማጣሪያውን ማለፍ ተስኖት ነው። የዚህ ውድድር ታሪክና አወቃቀር ጎን ለጎን ሲታዩ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ በሆኪ የዓለም ዋንጫ ለትናንት ዝና ተብሎ የሚጠበቅ ወንበር የለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሥራ ቦታና በመኖሪያ ሰፈር አብረዋቸው ለሚውሉት በርካታ ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን ሆኪ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአገር ኩራት ነው። ጨዋታው ራሱም ለኢትዮጵያውያን ዐይን ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። በገና ሰሞን ሁለት ቡድኖች ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ ያየ ሰው፣ የሜዳ ሆኪን መሠረታዊ ሐሳብ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ልዩነቱ ሆኪ በዓለም አቀፍ ደንብ የሚመራ፣ የሜዳው ስፋትና የጨዋታው ደቂቃ በልክ የተወሰነለት መሆኑ ነው።

በፓኪስታን ታስቦ በባርሴሎና ተጀመረ

የዓለም አቀፉ ሆኪ ፌዴሬሽን የተቋቋመው ጃንዋሪ 7 ቀን 1924 በፓሪስ ነው። የምሥረታው ምክንያት ቁጭት ነበር። ሆኪ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመራው አካል ስላልነበረው በዚያው ዓመት ከተካሄደው የፓሪስ ኦሊምፒክ ውጪ ሆነ፤ ይህን የተመለከቱት ፈረንሳዊው ፖል ሌዎቴ ሰባት የአውሮፓ አገሮችን አሰባስበው ፌዴሬሽኑን መሠረቱ። ጨዋታው በ1928 በአምስተርዳም ወደ ኦሊምፒክ ሲመለስ የሕንድ ዘመን ተጀመረ። ሕንድ ከ1928 እስከ 1956 በተካሄዱት ስድስት ኦሊምፒኮች ወርቁን በተከታታይ ወሰደች። ይህን ሰንሰለት የበጠሰችው በ1960 በሮም በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ 1 ለ 0 ያሸነፈቻት ጎረቤቷ ፓኪስታን ነበረች።

በዚያ ዘመን የዓለም ሻምፒዮን የሚለየው በኦሊምፒክ ብቻ ነበር። ሆኪ የራሱ የዓለም ዋንጫ ይኑረው የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት የፓኪስታን አየር ኃይል አዛዥ የነበሩትና የአገሪቱን የሆኪ ፌዴሬሽን የመሩት ኑር ካን ናቸው። የፌዴሬሽኑ ምክር ቤት ኤፕሪል 12 ቀን 1970 በብራስልስ ሐሳቡን አጸደቀ፤ የመጀመሪያውን ውድድር የማዘጋጀት ዕድልም ለፓኪስታን ተሰጠ። ዋንጫውን ፓኪስታናዊው ባሺር ሙጂድ ነደፉት፤ የፓኪስታን ጦር ሠራዊት ሠራው። በአበባ ሐረግ ካጌጠው የብር ጽዋ በላይ በብርና በወርቅ የተሠራ የዓለም ሉል ተቀምጧል፤ በአናቱ ላይ ደግሞ የሆኪ ዱላና ኳስ ይታያሉ። ዋንጫው ማርች 27 ቀን 1971 በብራስልስ ለፌዴሬሽኑ ተበረከተ።

ይሁንና ፓኪስታን ያለመችውን ድግስ በቤቷ ማየት አልቻለችም። በ1971 በሕንድና በፓኪስታን መካከል የነበረው ውጥረት እየከረረ ሄደ፤ በምሥራቅ ፓኪስታን የተነሣው ቀውስም በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱን አገሮች ወደ ጦርነት አስገብቶ በባንግላዴሽ መመሥረት ተደመደመ። የሕንድ ቡድን በፓኪስታን ምድር ሊጫወት ነው መባሉ ገና ከጅምሩ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ ስለነበር፣ ፌዴሬሽኑ ውድድሩን ወደ ስፔኗ ባርሴሎና አዛወረው።

በኦክቶበር 1971 በባርሴሎና የተሰለፉት 10 ቡድኖች ነበሩ። በአገራቸው እንዳይገናኙ ፖለቲካ የከለከላቸው ሁለቱ ጎረቤታሞች በግማሽ ፍጻሜ ተፋጠጡ፤ ፓኪስታን 2 ለ 1 አሸነፈች። በፍጻሜውም አዘጋጇን ስፔንን 1 ለ 0 ረትታ አገሯ የሠራውን ዋንጫ ራሷ ወሰደች። በዚህ ውድድር ለምሥራቅ አፍሪካ የሚጠቀስ ታሪክም ተመዝግቧል። የኬንያ ቡድን ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በስፔን 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታም በሕንድ 2 ለ 1 ተረትቶ አራተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2023 ድረስ ከአፍሪካ አንድም ቡድን ለግማሽ ፍጻሜ አልደረሰም።

ዋንጫው የተቀባበሉት እጆች

ሁለተኛው ውድድር በ1973 በኔዘርላንድስ አምስተልቬን ተካሄደ፤ ኔዘርላንድስ ከሕንድ ጋር ሁለት አቻ ከተለያየች በኋላ በቅጣት ምት አሸነፈች። በ1975 በኩዋላ ላምፑር ሕንድ ፓኪስታንን 2 ለ 1 አሸንፋ እስከ 2023 ድረስ ብቸኛ የሆነውን የዓለም ዋንጫዋን አነሳች። የአሸናፊነቱን ግብ ያስቆጠረው አሾክ ኩማር፣ ሕንድን በሦስት ኦሊምፒኮች ለወርቅ ያበቃው የታዋቂው ድያን ቻንድ ልጅ ነው። በ1978 በቦነስ አይረስ ፓኪስታን ኔዘርላንድስን 3 ለ 2፣ በ1982 በቦምቤይ ደግሞ ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 1 ረትታ ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደች። ከ1978 በኋላ ውድድሩ በመደበኛነት በየአራት ዓመቱ የሚካሄድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የኃይል ሚዛኑ ወደ አውሮፓና ወደ አውስትራሊያ አዘነበለ። አውስትራሊያ በ1986፣ በ2010 እና በ2014፤ ኔዘርላንድስ ከ1973ቱ በተጨማሪ በ1990 እና በ1998፤ ጀርመን በ2002፣ በ2006 እና በ2023 እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ አሸነፉ። ቤልጂየም በ2018 የመጀመሪያ ድሏን አስመዘገበች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእስያ ዋንጫውን ያነሳ ቡድን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1994 በሲድኒ ኔዘርላንድስን በቅጣት ምት ያሸነፈው የፓኪስታን ቡድን ነው። በዚያ ጨዋታ የግብ ጠባቂው የመንሱር አሕመድ ብቃት በፓኪስታናውያን ዘንድ እስከ ዛሬ ይወሳል።

ሣሩ ሲለወጥ

የኃይል ሚዛኑ ለምን ተለወጠ ለሚለው ጥያቄ በስፖርቱ ዓለም በብዛት የሚሰጠው መልስ የሜዳው መለወጥ ነው። ሆኪ በተፈጥሮ ሣር ላይ ሲካሄድ ኳሱ በየጉድጓዱ እየነጠረ አቅጣጫ ስለሚስት፣ ኳስን በዱላው ጫፍ አስጠግቶ የመያዝና ተጋጣሚን እያታለለ የማለፍ ጥበብ ከሁሉ በላይ ዋጋ ነበረው። ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን የተካኑትም በዚህ ነበር። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሰራሽ ሣር ላይ ተካሄደ። በዚህ ሜዳ ላይ ኳሱ ቀጥ ብሎና ፈጥኖ ይሮጣል፤ ስለዚህ ብልጫው ቶሎ ለሚቀባበል፣ ሳይታክት ለሚሮጥና በጥብቅ ስልት ለሚመራ ቡድን ሆነ። ሰው ሰራሹ ሣር ውድ ነው፤ ለከፍተኛ ውድድር የሚውለው ዓይነት ደግሞ ከጨዋታ በፊት በውሃ መራስ ነበረበት። ይህን ሜዳ በየክለቡ ማንጠፍ የቻሉት አገሮች ልጆቻቸውን ገና ከሕፃንነት በእርሱ ላይ አሳደጉ።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ሕንድ ከ1928 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ያለ ሜዳሊያ የተመለሰችው በዚያው በሞንትሪያል ነው። በ1986 በለንደን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ12ቱ ቡድኖች ፓኪስታን 11ኛ፣ ሕንድ 12ኛ ሆኑ። የ1994ቱ የሲድኒ ድል ግን ምክንያቱ ሜዳው ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል፤ የተደራጀ ሥልጠናና ብርቱ አመራር የታከለበት ቡድን በሰው ሰራሽ ሣር ላይም ማሸነፍ ይችል ነበር።

የጨዋታው ደንብ በአጭሩ

እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ሜዳው 91.4 ሜትር ርዝመትና 55 ሜትር ስፋት አለው። ጨዋታው ለረጅም ዘመን በሁለት የ35 ደቂቃ አጋማሾች ይካሄድ ነበር፤ አሁን በአራት የ15 ደቂቃ ክፍሎች ተከፍሎ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ከእግር ኳስ የሚለይባቸው ሦስት ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ግብ የሚጸድቀው ኳሱ በግቡ ፊት በተሰመረው የግማሽ ክበብ ቅርጽ ባለው ክልል ውስጥ በአጥቂ ዱላ ከተነካ ብቻ ነው፤ ከክልሉ ውጪ ተመትቶ በቀጥታ የገባ ኳስ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ደንብ በ1990ዎቹ ተሰርዟል። ሦስተኛ፣ ተጫዋች ያለ ገደብ ሊቀያየር ይችላል፤ ቅያሬውም ጨዋታው ሳይቋረጥ ይከናወናል።

ብዙ ግቦች የሚገኙት ፔናልቲ ኮርነር ከሚባለው ቅጣት ነው። ተከላካዮች በክልላቸው ውስጥ ጥፋት ሲፈጽሙ አንድ አጥቂ ኳሱን ከግብ መስመሩ ላይ ሆኖ ወደ ውጪ ይገፋል፤ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ አምስት ተከላካዮች ብቻ ከመስመሩ ጀርባ ሆነው ይጠብቃሉ። ኳሱ ከክልሉ ከወጣ በኋላ አጥቂዎቹ መልሰው አስገብተው ወደ ግብ ይሞክራሉ። ካርዶቹም ሦስት ናቸው፤ አረንጓዴው ለሁለት ደቂቃ፣ ቢጫው ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ፣ ቀዩ ለቀሪው ጨዋታ በሙሉ ከሜዳ ያስወጣሉ።

በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቡድኖቹ አቻ ከወጡ አሸናፊው የሚለየው በመለያ ፉክክር ነው። አጥቂው ከግቡ 23 ሜትር ርቆ ኳሱን ይነሣል፤ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ ለብቻ ተፋጥጦ ግብ ለማስቆጠር ያለው ጊዜ ስምንት ሰከንድ ነው። የ2018 እና የ2023 የዓለም ዋንጫዎች ባለቤት የተለየው በዚህ መንገድ ነው። በ2018 ቤልጂየም ኔዘርላንድስን ያለ ግብ ከተለያዩ በኋላ 3 ለ 2፣ በ2023 ጀርመን ቤልጂየምን ሦስት አቻ ከወጡ በኋላ 5 ለ 4 አሸነፉ።

ሁለተኛ መሆን የሚያስከፍለው ዋጋ

የተሳታፊዎች ቁጥር ከ10 ተነሥቶ ለብዙ ጊዜ 12 ከቆየ በኋላ ከ2018 ጀምሮ 16 ሆኗል። በ2018 እና በ2023 በተሠራበት አወቃቀር 16ቱ ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድባቸው እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ላሸነፈ ሦስት፣ አቻ ለወጣ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ምድቡን የመራው ቡድን በቀጥታ ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋል። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ግን ከሌላ ምድብ ቡድን ጋር አንድ ተጨማሪ የመሸጋገሪያ ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ያሸነፈው ወደ ሩብ ፍጻሜ ሲገባ የተሸነፈው ዋንጫውን የማግኘት ተስፋው ያበቃል። አራተኛው ቡድን ከምድቡ አያልፍም።

ይህ አወቃቀር በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለውን ልዩነት ምን ያህል እንደሚያሰፋ ሕንድ በ2023 በራሷ ሜዳ ተምራለች። ሕንድና እንግሊዝ በምድባቸው ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፈው፣ እርስ በርስ ያለ ግብ ተለያይተው እኩል ሰባት ነጥብ ያዙ። የእንግሊዝ የግብ ልዩነት ዘጠኝ፣ የሕንድ አራት ስለነበር እንግሊዝ በቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ሕንድ በመሸጋገሪያው ጨዋታ ከኒውዚላንድ ጋር ተገናኘች፤ 3 ለ 1 ስትመራ ቆይታ ሦስት አቻ ወጣች፤ በመለያውም 5 ለ 4 ተሸነፈች። በመደበኛው የጨዋታ ጊዜ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው የአዘጋጇ አገር ቡድን ሩብ ፍጻሜውን ከዳር ሆኖ ተመለከተ።

የጃካርታው ምሽት

ወደ ዓለም ዋንጫ የሚያስገቡት በሮች የታወቁ ናቸው። አዘጋጇ አገር በቀጥታ ትገባለች፤ የአህጉር ሻምፒዮኖች ቦታ ይሰጣቸዋል፤ የቀሩት በሌሎች ውድድሮች ወይም በማጣሪያ ያልፋሉ። ቀድሞ ዋንጫውን ማንሳት ብቻውን መግቢያ አይሆንም።

ለ2023ቱ ውድድር የእስያ ቡድኖች መለያ የነበረው በሜይ 2022 በኢንዶኔዥያ ጃካርታ የተካሄደው የእስያ ዋንጫ ነበር። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድኖች ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፉ ነበር። ፓኪስታን ከሕንድ ጋር አንድ አቻ ወጥታ፣ ኢንዶኔዥያን 13 ለ 0 አሸንፋ የመጨረሻ ጨዋታዋን ከጃፓን ጋር አደረገች። በዚያ ጨዋታ ያስቆጠረችው ግብ ተሰረዘባት፤ ምክንያቱም ግቡ ሲቆጠር በሜዳ ላይ የነበሩት ተጫዋቾቿ 12 ነበሩ። ጨዋታው ሳይቋረጥ በሚካሄደው ቅያሬ አንድ ሰው ሳይወጣ ሌላው ገብቶ ነበር። ፓኪስታን 3 ለ 2 ተሸነፈች።

በዚያኑ ዕለት ሕንድ ከኢንዶኔዥያ ጋር ስትጋጠም ፓኪስታንን ለመቅደም ቢያንስ በ15 ግቦች ማሸነፍ ነበረባት። ውጤቱ 16 ለ 0 ሆነ። ሁለቱ ጎረቤታሞች እኩል አራት ነጥብ ይዘው ሕንድ አለፈች፤ ፓኪስታን ከእስያ ዋንጫው ተሰናበተች፤ የዓለም ዋንጫ ዕድሏም አብሮ ተዘጋ። ሕንድ አስቀድማ በአዘጋጅነት ቦታ ስለነበራት፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ማሌዥያ የእስያን ቀሪ ቦታዎች ያዙ። አንድ ትርፍ ተጫዋች በሜዳ ላይ መገኘቱ የአራት ጊዜ ሻምፒዮኗን ምን ያህል እንዳስከፈላት በዚያ ምሽት ታየ።

ከጨዋታው ውጪ ያለው ጉዳይም ከ1971 ወዲህ ጨርሶ አልተወገደም። በ2025 በሕንዷ ራጅጊር በተካሄደው የእስያ ዋንጫ አሸናፊው ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በቀጥታ የሚያልፍ ነበር። ሁለቱ አገሮች በነበሩበት ውጥረት የፓኪስታን ቡድን የጸጥታ ስጋትን ጠቅሶ ወደ ሕንድ ሳይጓዝ ቀረ፤ በምትኩ ባንግላዴሽ ተሰለፈች። ሕንድ በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 አሸንፋ አለፈች። ፓኪስታን ቀጥተኛውን በር ለማንኳኳት እንኳ ሳትችል ቀረች።

በባሕረ ሰላጤው አቅራቢያ

የሁለቱ አገሮች ፉክክር ከደቡብ እስያ ውጪ ሰላማዊ መድረክ ካገኘባቸው ስፍራዎች መካከል የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ይገኛሉ። በ2012 በዶሃ በተካሄደው የእስያ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ፓኪስታን ሕንድን 5 ለ 4 አሸንፋለች። በ2018 በመስካት በተዘጋጀው ተመሳሳይ ውድድር ለፍጻሜ የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ፤ ከባድ ዝናብ ጨዋታውን ስላሰናከለው ዋንጫው በጋራ ተሰጣቸው።

በጃንዋሪ 2024 መስካት አዲስ ታሪክ አስተናግዳለች። እያንዳንዱ ቡድን በአምስት ተጫዋቾች፣ በጠበበ ሜዳና ባጠረ ጊዜ የሚጫወትበት የሆኪ ዓይነት የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በወንዶችም በሴቶችም የተካሄደው በዚያች ከተማ ነው። ኔዘርላንድስ በሁለቱም አሸነፈች። ከአፍሪካ ኬንያ፣ ግብፅና ናይጄሪያ በወንዶች፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ናሚቢያና ዛምቢያ በሴቶች ተሳትፈዋል። ይህ አጭር ጨዋታ ሰፊ ሜዳ የማንጠፍ አቅም ለሌላቸው አገሮች ወደ ዓለም መድረክ የሚያስገባ ሌላ መንገድ እንደሚሆን ታስቦበታል።

የሴቶቹ የ11 ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫ ደግሞ በ1974 በፈረንሳይ ማንድልዩ ተጀምሯል። በዚህ በኩል የበላይነቱ የአንድ አገር ነው፤ ኔዘርላንድስ የመጀመሪያውን ጨምሮ እስከ 2022 ድረስ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፋለች።

የ2026 የወንዶችና የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች አዘጋጅነት ለኔዘርላንድስና ለቤልጂየም በጋራ ተሰጥቷል፤ ጊዜው ኦገስት፣ ስፍራዎቹም አምስተልቬንና ዋቭር ናቸው። በወንዶቹ ፍጻሜ የሚነሣው ዋንጫ ለፓኪስታናውያን የአገራቸው እጅ ሥራ ነው። ዋንጫውን ዳግም ለመንካት ያለው መንገድ ግን ለፓኪስታንም ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር አገር አንድ ነው፤ እርሱም በማጣሪያው ያልፋል።